ሲሚንቶ ፍለጋ

የወጥ ቤታችን ወለል ርዝመቱ ሦስት ሜትር ከስልሳ፣ ወርዱ ሁለት ሜትር ከሰማንያ ነበር። ይህን የማውቀው የሜትሩን አንድ ጫፍ የያዝኩት እኔ ስለነበርኩ ነው። አባቴ ሌላውን ጫፍ ይዞ ጥግ ላይ ተንበርክኮ ቁጥሩን ጮክ ብሎ ያነባል፤ እኔ ከደብተሬ በገነጠልኩት ወረቀት ላይ እጽፋለሁ። ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። ጊዜው ሁለት ሺህ ዓመተ ምሕረት፣ ሐምሌ፣ እሑድ ጠዋት ነው። አሰላ ሌሊቱን ሙሉ ሲዘንብባት አድራ ግቢያችን ጥቁር ጭቃ ሆኗል፤ የወጥ ቤቱ ዕቃ በሙሉ ግን ተግዞ ወጥቶ በረንዳው ላይ ተደርድሯል።

«ሠላሳ በሠላሳ ነው ሴራሚኩ» አለ አባቴ። የሒሳብ መምህር ስለነበር ሁሉንም ነገር ጥያቄ አድርጎ ነው የሚያቀርብልኝ። «በርዝመቱ ስንት ይገባል?»

«አሥራ ሁለት።»

«በወርዱስ?»

«ዘጠኝ። ትንሽ ይተርፋል።»

«የተረፈው ይቆረጣል። ጎበዝ።»

ጎበዝ ሲለኝ ፊቴን አላየም። አባቴ መምህር ወልደሰንበት ተማሪውን ሲያሞግስ ዓይኑን ከፊቱ የማይነቅል ሰው ነበር። ይህን ያን ጊዜም አስተውያለሁ፤ ትርጉም ግን አልሰጠሁትም።

ወለሉ ሊሾ ነበር። እኔ ሳልወለድ የፈሰሰ ሲሚንቶ ስለሆነ መሐሉ ተሰነጣጥቆ ውኃ ያቁራል። እናቴ ብርሃነሽ «ይሄ ወለል ከናንተ ሁሉ የበለጠ ዱቄት በልቶብኛል» ትል ነበር። ሴራሚኩን የገዛላት ታላቅ ወንድሜ ይበልጣል ነው። ይበልጣል ከኢተያና ከሮቤ ስንዴ እየጫነ አዳማ የሚያራግፍ የአይሱዙ ሾፌር ነበር። ለፋሲካ ሲመጣ አሥራ አንድ ካርቶን ይዞ መጣ። ክሬም መልክ ሆኖ ቡናማ ነጠብጣብ አለው። «ሐምሌ ላይ እረፍት እወጣለሁ፤ እኔና አባዬ ራሳችን እናነጥፈዋለን። ሠራተኛ የሚባል እዚህ ቤት ድርሽ አይልም» አለ። እናቴ አንዱን አውጥታ በቀሚሷ ወልውላ ፊቷን አየችበት። «በዚህ ላይ ነው ሽንኩርት የሚላጠው? ጫማ አውልቄ ነው የምገባ!» አለች። ካርቶኖቹ አልጋዋ ሥር ገቡ። እኔ ቆጥሬያቸዋለሁ፤ በካርቶን አሥራ አንድ፣ በጠቅላላው መቶ ሃያ አንድ።

እና እሑድ ጠዋት ይበልጣል በሌለበት ሥራው ሲጀመር እናቴ ገርሟት ነበር።

«አንተ ሰውዬ፣ ልጁ ሳይመጣ?»

«ዝግጅቱን እኔ ልጨርሰው። መወቀሩ፣ መጠረጉ፣ ልኩ ብዙ ሥራ ነው። እሱ ሲደርስ ማንጠፍ ብቻ ይቀራል።»

«ትናንት ማታ ጠበል የረጨህ ሰው አለ እንዴ? ስድስት ዓመት የዚያን በር ማጠፊያ ሥራልኝ ስልህ!»

እኔ ግን ምክንያቱን የማውቅ መስሎኝ ነበር። ቅዳሜ አመሻሹ ላይ አባቴ፣ ግንበኛው ጋሽ አብዲሳና ጎረቤታችን እትዬ አይሻ ከአጥራችን ውጭ ቆመው ሲነጋገሩ፣ እኔ ከአጥሩ ወዲህ ጎመን ስቀጥፍ ነበር። ጋሽ አብዲሳ «እሷ አትችለውም፣ ኦቦ መምህር። የአባቷ ጊዜ የሆነችውን ረሳኸው?» አለ። አባቴ የመለሰው አልተሰማኝም። «ትንሽ ይሻለው ብቻ፤ ያኔ እኛው ወስደን እናሳያታለን። እስከዚያ ሥራ ስጣት። እጇ አይፈታ» አለ አብዲሳ። እትዬ አይሻ ድምጿን ከፍ አድርጋ «እናት ናት እኮ! ወላሂ፣ እኔ ብሆን አልምራችሁም» አለችና ጥላቸው ሄደች።

ስለ ወጥ ቤቱ ነው ብዬ ገመትኩ። እናቴ ከባዱን ሥራ ስለማትችል አባቴ ሊያግዛት ነው፤ እትዬ አይሻ ደግሞ ወንዶች ወጥ ቤት መግባታቸው አልጣማትም።

አሁን ላቦራቶሪ ነው የምሠራው። ሥራዬ በአጉሊ መነጽር ያየሁትን መጻፍ ነው፤ የመሰለኝን ሳይሆን ያየሁትን። እነዚህ ሁለቱ በተለያየ መስመር መጻፍ እንዳለባቸው ማንም ሳያስተምረኝ የተማርኩት በዚያ ሳምንት ነው። ስለዚህ በትክክል ላስቀምጠው። ቅዳሜ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ፣ የይበልጣል መኪና ወደ አዳማ ቁልቁል ሲወርድ ተገልብጦ ነበር። ይበልጣል አዳማ ሆስፒታል ተኝቷል። ሦስቱ ሰዎች ከአጥሩ ውጭ የመከሩት እናቴ እንዳትሰማ ነበር። እናቴ ደም ግፊት አለባት። ከዚያ ሁለት ዓመት ቀደም ብሎ የአባቷን መርዶ ስትሰማ ወድቃ ግማሽ ፊቷ ለአንድ ወር አልታዘዝ ብሏት ነበር። ሐኪሙ አባቴን ለብቻው ጠርቶ «ድንገተኛ ነገር እንዳታሰሟት» ብሎታል። ፍርሃታቸው መሠረት ነበረው። ይህንንም መጻፍ አለብኝ።

ሰኞ ጠዋት አባቴ «ሲሚንቶ ፍለጋ» ብሎ ወጣ። ያን ዓመት ሲሚንቶ ጠፍቶ ስለነበር ማንም አልጠረጠረም። ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ባዶ እጁን ተመለሰ። ልብሱን ቀይሮ መሮና መዶሻ ይዞ ወጥ ቤት ገባና ሊሾውን መውቀር ጀመረ። ለስላሳ ወለል ላይ ሴራሚክ አይዝም፤ እንደ ወፍጮ ድንጋይ መወቀር አለበት። ጋሽ አብዲሳ መጥቶ በሩ ላይ ቆመና አየው።

«አከም ጅርታ፣ ሮሐ» ብሎ ሰላም አለኝና ወደ አባቴ ዞረ። «ኦቦ መምህር፣ ይሄ መውቀር ነው ወይስ ከወለሉ ጋር ጠብ አለህ? ቀስ በል። ጉድጓድ ቆፈርክ እኮ።»

አባቴ አልሰማውም። አብዲሳ ገብቶ መዶሻውን ከእጁ ወሰደበት። ከዚያ አብዲሳ ውኃ ልኩን ወለሉ ላይ አስቀምጦ «ና ሮሐ፣ አረፋው ወዴት ሄደ?» አለኝ።

«ወደ በሩ።»

«ስለዚህ በበሩ በኩል ከፍ ብሏል። ዓይን ይዋሻል፤ ይሄ አይዋሽም።»

እናቴ በረንዳው ላይ በከሰል ምድጃ እየሠራች ትስቅ ነበር። ያን ሳምንት እንደሳቀችው ከዚያ በኋላ ስትስቅ አላየኋትም። ከአብዲሳ ጋር ትቀላለዳለች፤ «ባሌን ግንበኛ አድርገህ ልታስቀርብኝ ነው?» ትለዋለች። ከወለሉ የተነሳውን ፍርስራሽ በባልዲ ታወጣለች። ይበልጣል ሲመጣ የት እንደሚቆም፣ እሷ የት ቆማ እንደምታየው በእጇ ታሳያለች። «በር ላይ አቁሜ ጫማውን አስወልቀዋለሁ። የገዛው እሱ ነው ብዬ አልምረውም!»

ማክሰኞ እትዬ አይሻ መጣችና እናቴ አጠገብ ተቀመጠች። ድንች መላጥ ጀመረች፤ አንዱን ድንች እስኪያልቅ ድረስ ላጠችው። ከዓይኗ እንባ ወረደ።

«ምን ሆንሽ?» አለች እናቴ።

«አቧራው ነው። ይሄ የባልሽ አቧራ።»

«ውይ፣ ወደዚህ ዞረሽ ተቀመጪ።» እናቴ በነጠላዋ ጫፍ የአይሻን ዓይን ጠረገችላት። አይሻ ድንገት ተነስታ ደህና ዋይ እንኳ ሳትል ወጣች። «ይህች ሴት ባሏ ከፍቶባታል» አለች እናቴ፤ ከልቧ አዘነችላት።

እኔ የዚያን ቀን ሌላ ነገር አየሁ። ከሲሚንቶ ፍለጋ የተመለሰው የአባቴ ጫማ ከሶሉ በላይ ንጹሕ ነበር። የአሰላ ጭቃ ጥቁር ነው፤ ከጫማ የሚለቀው በቢላ ተፍቆ ነው። በአባቴ ጫማ ክር መሐል ግን የነበረው ነጣ ያለ አሸዋማ አቧራ ነው። እንደ አዳማ ካለ ቆላ ካልሆነ በቀር እንዲህ ያለ አፈር እንደሌለ አውቃለሁ። የተለየ ሽታም ነበረው፤ የክሊኒክ ሽታ። አዳማ ሄዷል ማለት ነው። ለምን ሄደ?

ማስመሪያ ፍለጋ ቦርሳውን ስከፍት መልሱን አገኘሁ ብዬ አሰብኩ። ከታች በላስቲክ ተጠቅልሎ የይበልጣል ሰዓት ተቀምጧል። መስታወቱ ተሰንጥቋል፤ ዘጠኝ ሰዓት ከአሥር ላይ ቆሟል። በእጄ ይዤው ሳለሁ አባቴ ገባ።

ይቆጣኛል ብዬ ጠበቅሁ። በርከክ ብሎ ሁለቱንም ትከሻዬን ያዘኝ።

«ሮሐዬ፣ ለእማዬ እንዳትነግሪ።»

«ይቤ መጥቷል? አዳማ ነው?»

አባቴ ሰዓቱን ከእጄ ወስዶ መልሶ በላስቲኩ ጠቀለለው። ከዚያ «አዎ፣ አዳማ ነው» አለ።

«ሊያስገርማት ነው? ወለሉ ሲያልቅ ሊመጣ?»

«...አዎ። ወለሉ ሲያልቅ።»

ሁሉም ነገር ገጠመልኝ። ሰዓቱ የተሰበረው መኪና ሲጠግን ነው፤ አባቴ ሊያሠራለት ይዞት መጥቷል። ይበልጣል ለእናቴ ድግስ ደግሶላታል። ምናልባትም ሊያገባ ነው። ሙሽራይቱን ይዞ ይመጣል፤ ወጥ ቤቱ የሚሠራው ለዚያ ነው። አንዲት ምልክት እንኳ አላመለጠችኝም፤ መልሱ ብቻ ነበር የተሳሳተው።

ረቡዕ ከሰዓት እናቴ ባልዲውን አስቀምጣ አጠገቤ ተቀመጠች። ድምጿን ዝቅ አደረገች። እንደ ትልቅ ሰው ስታናግረኝ የመጀመሪያዋ ነበር።

«ሮሐ፣ አንቺ አትዋሺኝም አይደል?»

«አልዋሽም።»

«አባትሽ እውነት ሲሚንቶ ፍለጋ ነው የሚውለው?»

ወደ ጭቃው አየሁ።

«ሦስት ቀን ሙሉ አንድ ከረጢት ያጣል? ልብሱን ቀይሮ ይወጣል፣ ፊቱን ጥሎ ይመለሳል፣ ማታ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ይተኛል። ሌላ ሴት አለችው?» ከንፈሯን ነከሰች። «አንቺ ሁሉን ነገር ታያለሽ። ያየሽውን ንገሪኝ።»

ያየሁትን ብነግራት ኖሮ፣ ማለትም ነጭ አቧራ፣ የክሊኒክ ሽታ፣ የተሰበረ ሰዓት ብላት፣ እናቴ ትርጉሙን ለማግኘት አንድ ደቂቃ አይፈጅባትም ነበር። ከአሰላ አዳማ በሚኒባስ ቢበዛ ሁለት ሰዓት ነው። ረቡዕ ከሰዓት በኋላ ስምንት ሰዓት ላይ ነው የጠየቀችኝ፤ አሥር ሰዓት ላይ አልጋው አጠገብ ትሆን ነበር። ሒሳቡን ብዙ ጊዜ ሠርቼዋለሁ። በዝናብ ምክንያት አንድ ሰዓት ብጨምርበትም፣ በኢተያ ሰው ለመጫን ቢቆምም፣ ትደርስ ነበር።

«ኢተያ ነው የሚሄደው» አልኳት። «እዚያ ሁሴኖ የሚባል ነጋዴ አለ፤ ሲሚንቶ ነገ ይገባል፣ ነገ ይገባል እያለ ያመላልሰዋል። አባዬ ተናዶበታል። እሱ ነው ፊቱን ያጠቆረው።»

ሁሴኖ የሚባል ነጋዴ አላውቅም። ስሙን ከየት እንዳመጣሁት ዛሬም አይገባኝም። ግን ስም ያለው ውሸት ስም ከሌለው እውነት በላይ ይታመናል። እናቴ መጀመሪያ ፈገግ አለች፣ ከዚያ ሳቀች፣ ከዚያ እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ ትንፋሿን ለቀቀች።

«ውይ እግዜር ይመስገን! እኔ ደግሞ ስንቱን አሰብኩ።» ጭንቅላቴን ስባ ሳመችኝ። «ሁሴኖን እግዜር ያቃጥለው!»

ኩራት ተሰማኝ። ትልቅ ምስጢር ተሸክሜ ጠብ አላደረግሁም።

ሐሙስ አባቴ ከወትሮው ቀደም ብሎ፣ በአምስት ሰዓት ተመለሰ። ለእናቴ «ሲሚንቶው ተገኝቷል፤ ነገ ማለዳ ይመጣል፤ ነገ እናነጥፋለን» አላት። ከዚያ የሳሎኑን ሶፋና ጠረጴዛ ማውጣት ጀመረ። እናቴ «ሳሎኑ ደግሞ ምን አደረገ?» ስትለው «አቧራው ይገባል» አላት። አቧራ የሚያስነሳው ሥራ አልቆ እንደነበር እኔ አውቃለሁ፤ የተወቀረውን ወለል ጠርጌ የረጨሁት እኔ ነኝ። በአጥሩ ቀዳዳ ወደ አይሻ ግቢ ሳይ ጋሽ አብዲሳ ከጋሪ ላይ የእድር አግዳሚ ወንበር ያወርዳል። አሥራ አራት ቆጠርኩ። ሁለት የእድር ጎላ ድስትም ነበር። ድግሱ ደረሰ ብዬ በደስታ ዘለልኩ።

አብዲሳ አየኝ። ጣቱን አፉ ላይ አድርጎ «ዋቀዮ» ብሎ አምላኩን እየጠራ አጉረመረመና ፊቱን አዞረ።

ማታ እናቴ ሴራሚኩን በትልቅ ሳፋ ውኃ ውስጥ ዘፈዘፈችው፤ ደረቅ ከሆነ ሲሚንቶውን ቶሎ ይመጠዋል፣ አይዝም። አብዲሳ ነው ያስተማራት። የሚዘፈዘፈው ጠዋት ነው ብሏት ነበር፤ እሷ ግን አላስቻላትም። እያንዳንዱን እንደ ሕፃን በሁለት እጇ ይዛ ነው ያስገባችው።

አርብ ገና ሳይነጋጋ ተነስታ ወጥ ቤት ገባች። እኔም ተከተልኳት። አባቴ ቤት አልነበረም። ማለዳ ወጥቷል፤ ሲሚንቶውን ሊቀበል ነው አለች። ወለሉን በውኃ አራሰችው። አብዲሳ ከግድግዳ ግድግዳ የወጠረውን ስፓጎ ጎንበስ ብላ በጣቷ ነካችው፤ እንደ ክራር ጮኸ። በዚህ ጊዜ የግቢው በር ተከፈተ። አባቴ፣ አብዲሳ፣ የእድሩ ዳኛ፣ ሁለት ቄስና ሦስት ሽማግሌዎች በአንድ ላይ ገቡ። ጋቢያቸውን አዘቅዝቀው ለብሰዋል። ከኋላቸው እትዬ አይሻና የሰፈር ሴቶች ነበሩ።

እናቴ እርጥብ እጇን እያራገፈች ወጣች። «እንዴ! ወለል ለማየት ሰው ሁሉ መጣ? ገና ነው እኮ፤ ገና አልተነጠፈም...»

አንድ በአንድ አየቻቸው። ከሁሉም በኋላ አባቴን አየች። እኔ ደግሞ ከኋላቸው በር በሩን አይ ነበር፤ ይበልጣል ከነሙሽራይቱ እስኪገባ።

እናቴ አልወደቀችም። ፊቷም አልተጣመመም። ለአምስት ቀን የፈሩት ነገር ሳይሆን ቀረ። ወደ ወጥ ቤቱ ተመልሳ ገብታ፣ እርጥብ በሆነው በተወቀረው ወለል ላይ ተቀመጠችና በሁለት መዳፏ መታችው። ሻካራው ሲሚንቶ እጇን ቆረጣት። ሴቶቹ ሊያነሷት ሲሞክሩ ስፓጎው እግራቸው ላይ ተጠመጠመ።

ይበልጣል የሞተው ሐሙስ ጠዋት ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ነው። የተቀበረው አርብ ነው። ሳጥኑ አልተከፈተም።

በሦስተኛው ቀን፣ ሴቶቹ ለአፍታ ሲወጡ እናቴ ጠራችኝ። ድምጿ አልቆ ነበር።

«ታውቂ ነበር?»

መዋሸት አልፈለግሁም። አዳማ መሆኑን አውቅ ነበር። አባቴ ሲመላለስ አውቅ ነበር። ምስጢር መኖሩን አውቅ ነበር።

«አዎ» አልኩ።

ራሷን ነቀነቀች። አልመታችኝም፣ አልሰደበችኝም። ከዚያ ቀን ጀምሮ እስከ ዘንድሮ ግን እናቴ እኔን ምንም ነገር ጠይቃኝ አታውቅም። ከትምህርት ቤት የት ቆየሽ፣ ምን በላሽ፣ ማንን ታፈቅሪያለሽ ብላኝ አታውቅም። ምን እንደመሰለኝ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሲሞላኝ ነገርኳት። ሰርግ ነው ብዬ እንደነበር፣ ሙሽራ እንደጠበቅሁ። ሰምታኝ ስታበቃ «ልጅ ነበርሽ» አለች። በዚህ አበቃ። ወለሉ አልተነጠፈም። አብዲሳ ከአርባው በኋላ በነጻ ሊያነጥፍላት ቢመጣ ከበር መለሰችው። ዛሬም እንደተወቀረ ነው፤ ስትጠርግ ዱቄቱ ከጉድጓዱ አይወጣላትም።

አባቴ ከሁለት ዓመት በፊት ሞተ። ከመሞቱ በፊት አንድ ሳምንት እኔ አስታምሜዋለሁ። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ሳልጠይቀው ነገረኝ። ለእናቴ አሥራ አምስት ዓመት ሙሉ ይበልጣል ራሱን ስቶ እንደነበርና ማንንም እንዳላወቀ ይነግራት ነበር። ውሸት ነው። እስከ ረቡዕ ማታ ድረስ ይናገር ነበር። «በየቀኑ ይጠይቀኛል» አለ አባቴ። «እማዬስ? ለምን አልመጣችም? ተቆጣች? ይለኛል። ወጥ ቤቱን እያዘጋጀን ነው፣ ወለሉ ላይ ናት፣ እንደጨረሰች ትመጣለች እለዋለሁ። ደስ ይለዋል። ሊሾው ተወቀረ? ይለኛል። ልኩን አስተካከላችሁ? ረቡዕ ዕለት ግን፣ አባዬ፣ ወለሉ ይቆይ፤ እሷ ትምጣ አለኝ። ነገ አመጣታለሁ አልኩት።»

በዚህ ዓመት ለአባቴ ሁለተኛ ሙት ዓመት አሰላ ሄጄ ነበር። እንግዳው ከተሸኘ በኋላ እናቴና እኔ በረንዳው ላይ ቀረን። ፀሐይ ነበር። እናቴ በአሥራ ሰባት ዓመት ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ ጥያቄ ጠየቀችኝ።

«አባትሽን ያስታመምሽው አንቺ ነሽ። ሳይነግርሽ አይቀርም። ይበልጣል ጠርቶኝ ነበር?»

ግፊቷን ያን ዕለት ጠዋት ለክቼላት ነበር። መቶ ሰማንያ በመቶ አሥር። ቁጥሩ ዓይኔ ፊት መጣ።

«አልጠራሽም፣ እማዬ» አልኳት። «ራሱን አያውቅም ነበር።»

ለረጅም ጊዜ አየችኝ። ሴት ልጇን ሳይሆን፣ ከአጥር ውጭ ተሰብስበው የቆሙ ሰዎችን የምታይ ነበር የመሰለችው። ከዚያ ነጠላዋን ሰብስባ ተነሳች።

«ለኔስ ሁላችሁም አዘናችሁልኝ» አለች። «ለሱ ማን አዘነለት?»